ዳግማዊ ምኒልክና የመጀመሪያው የቧንቧ ውኃ

የዳግማዊ ምኒልክ ስም በተጠራ ቍጥር በየሰዉ ልብ የሚመጣው ዐድዋ ነው፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። ስለ ዐድዋ ግን ከእኔ የበለጡ ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልተርክላችሁ የመረጥኩት የኚህን ንጉሠ ነገሥት ሕይወት በአንድ በኩል ብቻ፣ ይኸውም በውኃ በኩል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ንጉሥና ቧንቧ ምን አገናኛቸው ብለህ አትሳቅ፤ ታሪካቸውን እስከ መጨረሻው ስትከተል ከተማ የሚባለው ነገር በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚፈርስ ታየዋለህ።

ምኒልክ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ የንጉሥ ኃይለ መለኮት ልጅ ሲሆኑ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1848 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ አባታቸውም በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ፤ ልጁም ተማርከው ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ ቆዩ። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ነገር ግን ምርኮ ምርኮ ነውና በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ያባታቸውን ዙፋን ያዙ። አምባ ላይ የኖረ ሰው አንድ ነገር ሳይነገረው ያውቃል፤ በሩ ቢጠበቅ፣ ስንቁም ቢከማች፣ ውኃው ካለቀ አምባው አምባ አይደለም። ይህ ነገር ከሠላሳ ዓመት በኋላ መቀሌ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

በዚያ ዘመን የንጉሥ ከተማ ማለት ዛሬ እኛ እንደምናስበው ዓይነት አልነበረም። ምኒልክ ራሳቸው በአንኮበር፣ በልቼ፣ በወረ ኢሉ፣ በኋላም በእንጦጦ ተቀምጠዋል። ንጉሡ ሲሰፍር ሠራዊቱ፣ አገልጋዩ፣ ነጋዴው፣ ከብቱና የጋማ ከብቱ አብሮ ይሰፍራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያው ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ያልቃል፤ ምንጩ በሰውና በከብት እግር ይደፈርሳል፤ ጉድፉም ይከመራል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ድንኳን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ። ይህ አኗኗር አንድ ትልቅ ምቾት ነበረው ብዬ አስባለሁ፤ ያበላሹትን ማስተካከል ግዴታ አልነበረም። ቦታው ራሱ ጊዜ ሲያገኝ ይድናል፤ ንጉሡም አዲስ ምንጭ ያገኛል።

እኛ ጎጃሞች ከምኒልክ ጋር ያለን የመጀመሪያ ትውውቅ ጥሩ አልነበረም። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ ከዓባይ ማዶ እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ የእኛው ንጉሥ ቆስለው ተማረኩ። በዚያ ጊዜ የኛ የአማኑኤልና የማቻክል፣ የብቸናና የሞጣ ሰዎች ስለ ምኒልክ ምን ያወሩ እንደ ነበረ መገመት አያቅትም። ሆኖም ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ሁለቱ ነገሥታት ዐድዋ ላይ በአንድ ወገን ተሰለፉ። ይህን እዚህ ላይ ማንሳቴ ምኒልክን የማወድሰው በሰፈር ልጅነት እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

እንጦጦ ለምሽግ የተመቸ፣ ለኑሮ ግን የከፋ ቦታ ነበረ። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋሱና ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እንጨቱም ቶሎ አለቀ። ከተራራው ሥር ግን ፍል ውኃ የሚፈልቅበት ለምለም ሜዳ ነበረ። እቴጌ ጣይቱ ያን ቦታ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዲህ ዋና ከተማችን የተወለደው በውኃ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ከነገሡ በኋላ መኖሪያቸውን ከፍል ውኃው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አደረጉ። አሁን ችግሩ ተለወጠ። ፍል ውኃው ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይመችም፤ ወንዞቹ በየሸለቆው ሲሆኑ ግቢው ከላይ ነው። በግብር ቀን በሺሕ የሚቆጠር ሰው ለሚበላበትና ለሚጠጣበት ግቢ፣ ለጠጁ፣ ለጠላው፣ ለወጡና ለእጅ መታጠቢያው የሚሆነው ውኃ ሁሉ በእንስራ፣ በሰው ጀርባ ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሰው ወደ ታሪካችን ይገባል። አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው የስዊስ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1854 በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ፤ በዙሪክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ምህንድስና ተምሮ በሃያ አምስት ዓመቱ ገደማ ሸዋ ደረሰ። እንደሚተረከው ምኒልክ የመጡለትን መሐንዲስ ሊፈትኑት መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው አዘዙት፤ ጫማውን ሠራ። ቀጥለው ጠመንጃ አዘዙት፤ ከአውሮፓ ማስመጣቱ እንደሚሻል ቢያስረዳም ትእዛዝ ነውና እሱንም ሠራ። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ምኒልክ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ ከብዙ ጦርነት ይልቅ ይህ ያሳየኛል። ዕውቀት ያለው ሰው በወረቀቱ ሳይሆን በእጁ ሥራ ይታይ የሚሉ ንጉሥ ነበሩ። ኢልግ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድም ተሰጠው፤ በኋላም የመንግሥት አማካሪ ሆኖ እስከ 1899 ዓ.ም. አካባቢ አገልግሏል።

በ1886 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ኢልግን ውኃ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ግቢያቸው በብረት ቧንቧ እንዲያመጣላቸው አዘዙት። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሥራ በዚያ ጊዜ ምን ማለት እንደ ነበረ አስብ። ባቡር ገና አልነበረም። ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን በግመል፣ ደጋውን በበቅሎና በሰው ሸክም የሚያልፍበት ጊዜ ነበረ። ቧንቧው ደርሶ ሲዘረጋ ደግሞ ሕዝቡ አላመነም ይባላል። ምክንያቱም ውኃው ከተራራው ወደ ሸለቆው ከወረደ በኋላ እንደገና ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ውኃ ቍልቍለት እንጂ ዐቀበት ሲሄድ ያየ ማን ነው?

በፊዚክስ ክፍል ይህን የተማርን ሁሉ ምሥጢሩን እናውቀዋለን። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ ውኃ ከኋላው ባለው ውኃ ክብደት ይገፋል። ከፍታው በ10 ሜትር በጨመረ ቍጥር ግፊቱ ከአየር ግፊት ጋር እኩል በሆነ መጠን ያድጋል። ስለዚህ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ያለ እስከ ሆነ ድረስ፣ በመካከል ምንም ያህል ሸለቆ ቢኖር፣ ውኃው ሸለቆውን ተሻግሮ ሽቅብ ይወጣል። ነገር ግን ከሸለቆው ወለል ላይ ያለው ቧንቧ የሁሉን ክብደት ስለሚሸከም ከሌላው ይልቅ ብርቱ መሆን አለበት፤ አንዲት ደካማ መጋጠሚያ ካለች የምትፈነዳው እዚያ ነው። ውኃው ግቢ ደርሶ ወደ ላይ ሲተኰስ ሕዝቡ ተደነቀ፤ ገጣሚዎችም ንጉሡን የሚያወድስ ግጥም ገጠሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቧንቧ የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ሰው አፍ የተለመደ ሆነ ብል ያስተማምነኛል።

ያ ውኃ የግቢው ውኃ እንጂ የሕዝቡ አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የከተማው ሰው ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ከምንጭ፣ ከወንዝና ከጕድጓድ ሲቀዳ ኖሯል።

ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የጣልያን ጦርነት መጣ። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ምኒልክ ወደ ሰሜን ዘመቱ። መቀሌ ላይ ጣልያኖች እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ቦታ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው ነበረ፤ መድፍም ስንቅም አላነሳቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏቸዋል፤ የሚጠጡት ምንጭ ከምሽጉ ግንብ ውጭ ነበረ። እቴጌ ጣይቱ ከሠራዊታቸው ዘጠኝ መቶ ያህል ሰው ልከው ምንጩን አስያዙ። ጥይት ያላስወጣቸውን ሰዎች ጥም አስወጣቸው፤ በጥር ወር ምሽጉን ለቀው ሄዱ። ምንጩን የማይጠብቅ ሰው ግንቡን በከንቱ ይሠራል። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል።

ከድል በኋላ ምኒልክ አንድ ትልቅ ነገር ለመወሰን ተገደዱ፤ የእኔም ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው። አዲስ አበባም እንደ ቀድሞዎቹ ከተሞች ዛፏ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ ልማዱ ለመነሣት አሰቡና በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ምዕራብ በሚገኘው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ መንገድም አስጠረጉ። በመጨረሻ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለምን ለወጡ ቢባል፣ አንደኛው ምክንያት ከጥቂት ዓመታት በፊት የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ የእንጨቱን ችግር ማቃለሉ ነው። ሌላው ምክንያት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በአዲስ አበባ የተተከለው ነገር እንደ ድንኳን የሚነቀል አለመሆኑ ነው። ድልድይ፣ የድንጋይ ቤት፣ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ግቢ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ በበቅሎ ተጭኖ አይሄድም። (ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል የሚል ክስ ዛሬ አለበት፤ በእኛም አገር እርሻው ሁሉ ባሕር ዛፍ እየሆነ ስለ ሄደ ክርክሩ ቅርብ ነው።)

እንግዲህ ከተማው ረጋ። የረጋ ከተማ ግን ያረጃል። ብረት ከውስጥም ከውጭም ይዝጋል፤ በውስጡ ደለልና ዝገት እየተጋገረ መንገዱን ያጠባል፤ መጋጠሚያው ይላላል፤ ውኃው ሰው ሳያየው መሬት ውስጥ ይፈስሳል። ሰፋሪው ንጉሥ የማያውቀው ግዴታ አሁን መጣ ማለት ነው። ቧንቧ የተከለ ሰው ቧንቧውን የሚጠብቅ፣ የሚያጸዳ፣ ሲያረጅም የሚተካ ሰው መትከል አለበት።

ይህን አባቶቻችን ፈጽሞ አላወቁትም አይባልም። ጎንደር ላይ በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ የሚሞላ ነው፤ ዕድሜው በመቶ የሚቆጠር ዓመት ነው፤ ዛሬም በየጥምቀቱ ይሞላል። ይህን ያህል የቆየው ድንጋዩ ከሌላው ግንብ ድንጋይ የተሻለ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም። በየዓመቱ የሚሞላበት ቀን ስላለው ነው። ጥምቀት ሲቀርብ ቦዩ ይጠረጋል፤ ገንዳው ይታያል፤ የተሰነጠቀው ይታወቃል። የጥገና ቀን በበዓል ስም ተቀምጦለታል ማለት ይቻላል። የእኛ ቦኖዎች ምረቃ እንጂ ጥምቀት የላቸውም። በሰፈራችን ያለ አንድ ቦኖ ሲከፈት በእልልታ ነበረ፤ ባለፈው ዓመት መጋጠሚያው ሲፈነዳ ግን ለመጠገን ሳምንታት ወሰደ፤ እናቶቻችን ጀሪካን ይዘው ወደ ድሮው ምንጭ ተመለሱ፤ ውኃው ደግሞ በዚያው ሁሉ ጊዜ በመንገዱ ላይ ይፈስስ ነበረ።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ከተማ የገባ ውኃ ሁሉ ቆሽሾ መውጣት አለበት። የለንደን ከተማ ይህን የተማረችው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ክረምት፣ እሱም ለእነሱ የሙቀት ወራት ነው፣ የቴምስ ወንዝ ከመሽተቱ የተነሣ የሕዝብ እንደራሴዎቹ መሰብሰቢያ እንኳ የሚያስቀምጥ አልነበረም። ከዚያ በፊት ኮሌራ በተደጋጋሚ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባለው መሐንዲስ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ዋና የፍሳሽ ቦይ በጡብ አሠራ፤ ስፋቱንም ለዚያ ጊዜ ከሚያስፈልገው አብልጦ ሠራው፤ ስለዚህም ዛሬ ድረስ ያገለግላል። ያን ጊዜ ምኒልክ በቴዎድሮስ ዘንድ የነበሩ የዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ናቸው። ወደ እኛ ስንመለስ፣ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የቧንቧ ውኃ ካየች በኋላ በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ እስኪሠራ ድረስ ዘጠና ዓመት ያህል አልፏል፤ ማጣሪያው የተሠራው በ1970ዎቹ ነውና። በመካከሉ የነበረው ፍሳሽ የት ይሄድ እንደ ነበረ ቀበናና ባንትይቀጡ ወንዞች ይናገሩ። ለመጠጡም ቢሆን ገፈርሳ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተገድበዋል። ግድቦቹም እንደ ቧንቧው ያረጃሉ፤ ከየተራራው የሚታጠበው አፈር ከሥራቸው ይተኛል።

ምኒልክ ይህን ሁሉ አስቀድመው አዩት ልል አልፈልግም። ነገር ግን በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገር አደረጉ፤ ሁለቱም ከቧንቧው ታሪክ ጋር ይያያዛሉ። አንደኛው ሚኒስትሮችን መሾማቸው ነው፤ ከሚኒስቴሮቹም አንዱ የሥራ ሚኒስቴር ነበረ። ከዚያ በፊት መንገድና ድልድይ የንጉሡ የግል ትጋት ነበረ፤ ምኒልክ ሕንፃ ሲሠራ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው መኳንንቱን የሚያሳፍሩ ሰው ነበሩና። አሁን ግን ሥራው ንጉሡ ቢታመምም ባይታመምም የሚቀጥል መሥሪያ ቤት አገኘ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያነሳው አዋጅ ነው፤ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ተሳዳቢውም እንዲቀጣ አዘዙ።

ይህ አዋጅ ለእኔ ከቧንቧው ከራሱ ይበልጥብኛል። ቧንቧ ከውጭ አገር ይገዛል፤ መሐንዲስም ከስዊስ ይመጣል። ሌሊት ሲፈነዳ ተነሥቶ በጭቃ ውስጥ የሚገባውን፣ መጋጠሚያውን የሚያጠብቀውን፣ የታፈነውን ቦይ የሚከፍተውን ሰው ግን ከየትም ማስመጣት አይቻልም፤ አገር ራሱ ማፍራትና ማክበር አለበት። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በክፍላችን ውስጥ ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ቢባል ሐኪምና ፓይለት የሚሆነው ብዙ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ እሆናለሁ የሚል ቢኖር የሚሳቅበት ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ የውኃ ምህንድስና መማር እመኛለሁ፤ ቢሆንም በቁልፍ መፍቻ እጁን የሚያቆሽሸው ሰው ከሌለ የእኔ ሥዕል በወረቀት እንደሚቀር አውቃለሁ።

የምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት አሳዛኝ ናቸው። በሽታው ደጋግሞ ጣላቸው፤ ሰውነታቸው ደነዘዘ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ሳያዩ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለብዙ ጊዜ በይፋ ሳይነገር ቆየ። እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀመጡና በ1910 ዓ.ም. በዚያው ሞቱ። የሁለቱም አፅም ዛሬ ያረፈው ያ ውኃ ሽቅብ ከወጣበት ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።